የአማተር ራግቢ ክለብ አባልነት ሪቪው፡ ከ5 ኮከብ 4፣ አንዷ የት እንደቀረች እነግራችኋለሁ

ጂም ሪቪው ይደረጋል፣ ስልክ ሪቪው ይደረጋል፣ ፀጉር ቤት ሳይቀር ኮከብ ይሰጠዋል፣ የአማተር ስፖርት ክለብን ግን ሪቪው የሚያደርግ ሰው አላየሁም። ሰው እኮ ከፍሎ ነው የሚገባው። የአባልነት መዋጮ አለ፣ ማሊያ አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ ከዛ በላይ ደሞ የእረፍት ቀኑን አንዳንዴም ትከሻውን ይሰጣል። ስለዚህ ይሄ የአንድ አማተር ራግቢ ክለብ አባልነት ሪቪው ነው። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ጥፋቱንም ልናገር ስለሆነ፣ ደሞ እየዞርን ስንጫወት እንዳየሁት ብዙው ነገር ከክለብ ክለብ ያው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ (የሚያውቅ ይዝለለው)፡ 15 ለ15 ነው፣ ሁለት 40 ደቂቃ፣ ኳሷ እንቁላል ቅርጽ፣ በእጅ ወደፊት ማቀበል ክልክል ነው፣ ኳስ የያዘውን ሰው ይዞ መጣል (ታክል ይባላል) ይቻላል ያልያዘውን ግን ንክች ማድረግ አይቻልም። ኳሷን ከመስመሩ አልፎ መሬት ያስነካ ትራይ አገባ ይባላል፣ 5 ነጥብ ነው፣ ከሱ ቀጥላ ያለችው ምት ከገባች 2፣ ቅጣት ምት 3። ከ15ቱ 8ቱ ፎርዋርድ ናቸው 7ቱ ባክ፣ በደፈናው ፎርዋርዶቹ ይገፋሉ ባኮቹ ይሮጣሉ፣ እኔ ከሚገፉት ነኝ፣ ያውም ከፊት መስመር፣ ፕሮፕ። ወፍራምም ቀጭንም ቁመታምም ድንክም ቦታ አለው፣ ለዚህ ብቻ ግማሽ ኮከብ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ራግቢ ክለብ ሲያስተዋውቅ የሚሸጥላችሁ ጨዋታውን ብቻ አይደለም፣ "የራግቢ መንፈስ" የሚባል ነገር አብሮ ይሸጥላችኋል። መከባበር፣ ወንድማማችነት፣ ከጨዋታ በኋላ ከተጋጣሚ ጋር አብሮ መብላት፣ ምናምን። ጨዋታውን በዓለም ደረጃ የሚያስተዳድረው ወርልድ ራግቢ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 አምስት እሴቶች ብሎ አስቀምጧቸዋል፣ ታማኝነት፣ ፍቅር፣ አንድነት፣ ዲሲፕሊን፣ መከባበር። ክለብሀውስ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታዩታላችሁ። እኔ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ብዙም አያሳምነኝም፣ ጥያቄዬ ይሄ መንፈስ ከአንጀት ነው ወይስ ከአንገት በላይ የሚል ነበር፣ መልሱ ደሞ እንደጠበቅኩት አይደለም። መንፈሱ አለ፣ እውነት ነው፣ ግን ያለው ራግቢ የሚጫወቱ ሰዎች ከሌላው የተሻለ ልብ ስላላቸው አይደለም። ነገሩ ተሰርቶ ነው፣ በህግም በልማድም። የተሰራበት ቦታ ይሰራል፣ ያልተሰራበት ቦታ ደሞ እንደማንኛውም ሰው ነን።

ከስክራም ልጀምር፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ከውጪ ስታዩት 8 ሰው ከ8 ሰው ጋር ራስ ለራስ ገጥሞ የሚገፋፋበት የሰው ክምር ነው። ዳኛው ሶስት ነገር ይጠራል፣ ክራውች፣ ባይንድ፣ ሴት፣ ሴት ሲል ትጋጠማላችሁ። ከውስጥ ግን ሌላ ነው። እኔና ከፊቴ ያለው ፕሮፕ አንዳችን የአንዳችንን ማሊያ ጨብጠን ነው የምንገፋፋው፣ እሱ እኔን ይዞኛል እኔ እሱን ይዤዋለሁ፣ ከኋላ ያለው ክብደት በሙሉ በኛ አንገት በኩል ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ እሱ ሆን ብሎ ቢጥለው የኔ አንገት ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው፣ እኔም እንደዛው። ማለትም ልታሸንፈው የምትፈልገው ሰው እና ደህንነትህን አደራ የሰጠኸው ሰው አንድ ሰው ነው። ይሄን አንድ ሲዝን ከተለማመድክ በኋላ ከጨዋታ በኋላ ሰውየውን ኮስተር ብለህ ማለፍ አትችልም፣ ቢያንስ እኔ አልቻልኩም። ከፊት መስመር ተጫዋቾች መሀል ያለው መዋደድ ሰው ይገርመዋል፣ እኛ ግን ብልጫችን ጨዋነት አይደለም፣ አንገታችንን ስለምንወድ ነው 😄

ህጉም ይሄን ያውቃል። በአንዱ ቡድን በኩል ፊት መስመር ላይ መጫወት የሰለጠነ ሰው ካለቀ ስክራሙ ያለ ግፊያ ይሆናል፣ ትጋጠማላችሁ ግን አትገፉም፣ ኳሱን ያስገባው ቡድን ይወስዳል። አማተር ላይ ይሄ ሁሌ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሰው ስራ አለው፣ ሰርግ አለው፣ ልጅ ያመዋል። እና እዚህ ጋ ነው አባልነቱ ዋጋውን የሚያወጣው። አንድ ጊዜ ተጋጣሚዎቻችን ከሩቅ 12 ሆነው መጡ። ህጉን ይዘን ብንሄድ ያለ ላብ አሸንፈን ወደ ቤት ነበር። አምበላችን ግን አንድ ጊዜ እንኳን ሳያወላውል ሁለት ሰው አዋሳቸው፣ አንደኛው የኛው ዊንግ (ጠርዝ ላይ የሚሮጠው ባክ)፣ ፈጣን ልጅ፣ እኛም አንድ ሰው ቀንሰን 14 ለ14 ተጫወትን። ልጁ የነሱን ማሊያ ለብሶ እኛው ላይ ትራይ አገባ፣ ያውም ከመሀል ሜዳ ተነስቶ፣ እኔ ከኋላው እየሮጥኩ በስሙ ልጠራው ሁሉ ምንም አልቀረኝም። የኛ ደጋፊዎች ለሱ አጨበጨቡለት። በኋላ ደሞ ተጋጣሚዎቹ የጨዋታው ኮከብ አድርገው ሊመርጡት ፈልገው ነበር፣ ከየትኛው ቡድን ይቆጠር የሚለው ክርክር ከጨዋታው በላይ ጊዜ ፈጀ። ይሄ የኛ ክለብ ብቻ ፀባይ እንዳይመስላችሁ፣ ታች ባሉት ዲቪዚዮኖች ተጫዋች መዋዋስ የተለመደ ነው፣ ሰው መጫወት ነው የሚፈልገው፣ በፎርፌ የተገኘ ነጥብ ማንንም አያረካም።

ዳኛ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል። አማተር ላይ ዳኛው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፣ መስመር ላይ ባንዲራ የሚይዙት ከሁለቱ ክለቦች የተመደቡ ሰዎች ናቸው፣ ቪዲዮ የለም፣ ድጋሚ ማየት የለም። 30 ሰው ተደራርቦ በሚወድቅበት ጨዋታ አንድ ሰው ሁሉንም አያይም፣ ስለዚህ በያንዳንዱ ጨዋታ የሚሳሳተው ነገር አለ፣ አለ በቃ። ግን የሚከበው የለም። ከሱ ጋር የሚነጋገረው አምበሉ ነው፣ ሌላው ካጉረመረመ ቅጣቱ 10 ሜትር ወደፊት ይገፋል። አስሩ ሜትር ቀላል ይመስላል፣ ግን ለኳስ መቺው ከሩቅ የነበረው ወደ መምቻ ርቀት ይገባል ማለት ነው፣ 3 ነጥብ። እና አፉ ያመለጠውን ተጫዋች መጀመሪያ ዝም የሚያሰኘው ዳኛው ሳይሆን የራሱ ጓደኛ ነው፣ "ዝም በል በናትህ" እያለ ማሊያውን ይዞ ይጎትተዋል። ስንቴ አይቻለሁ። ከኛ ቡድን አንድ ስራው ላይ በጣም ትልቅ ኃላፊ የሆነ ሰው አለ፣ ማንም እንቢ የማይለው አይነት፣ ሜዳ ላይ ግን ለሃያ ምናምን አመት ልጅ ዳኛ "እሺ ሰር" ነው።

የዌልሱ ዳኛ ናይጄል ኦውንስ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የሚጨቃጨቀውን ተጫዋች ጠርቶ ዳኛው እኔ ነኝ አንተ ስራህን ስራ፣ ይሄ እግር ኳስ አይደለም ያለበት ቪዲዮ አለ፣ የራግቢ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፣ እየደጋገመም ያሰለቻችኋል። እኔ ከእግር ኳስ ስለመጣሁ ትንሽ ይጎረብጠኛል። የእግር ኳስ ተጫዋቾች ባለጌ ሆነው አልተፈጠሩም፣ መጮህ ምንም ስለማያስከፍላቸው ነው የሚጮሁት። እንደውም እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ዩኤፋ ዳኛውን ማናገር የሚችለው አምበሉ ብቻ ነው የሚል መመሪያ አምጥቶ ነበር፣ ያው ከራግቢ የታወቀ አሰራር ነው።

ፊሽካ ካለቀ በኋላ ያለውን ደሞ በፍጥነት ልለፍ፣ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው። አንዱ ቡድን በሁለት ረድፍ ቆሞ መተላለፊያ ይሰራል፣ ሌላው በመሀል ያልፋል፣ ይጨበጨብለታል፣ ከዛ ይቀያየራሉ። ከዛ ሻወር፣ ከዛ አስተናጋጁ ክለብ እንግዶቹን ይመግባል፣ ሁለቱ አምበሎች ተነስተው ዳኛውን ያመሰግናሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን ከተጋጣሚው የጨዋታውን ኮከብ ይመርጣል። ሦስተኛው አጋማሽ ይሉታል። ይሄ የመጨረሻው ምርጫ ነገር ብልህ ነው፣ ምክንያቱም 80 ደቂቃ ሙሉ ያናደደህን ሰው ስም ጠርተህ "ጎበዝ ነህ" ማለት አለብህ፣ ተገደህ ነው ግን አንዴ ካልከው በኋላ ሰውየውን መጥላት ይከብዳል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የወደድኩት ግን ትምህርቱን ነው። ገና ጀማሪ እያለሁ አንድ የተጋጣሚ ፕሮፕ ጨዋታውን ሙሉ መጫወቻ አደረገኝ፣ ወደላይ እያነሳኝ፣ ወደኋላ እየነዳኝ፣ በሀምሳኛው ደቂቃ ላይ እግሬ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ምግብ ላይ ሰሀኑን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና "ወገብህን ከትከሻህ በላይ ታደርገዋለህ፣ ለዛ ነው" አለኝ፣ ከዛ ወንበሮቹን ገፋ አድርገን እዛው መሀል ላይ አሳየኝ፣ እግር እንዴት እንደሚቆም፣ እጅ የት እንደሚይዝ፣ መቼ መተንፈስ እንዳለብኝ። በመልሱ ጨዋታ እንደምንገናኝ እያወቀ ነው። የግል አሰልጣኝ ብቀጥር እንደዚህ አይነት ትምህርት በቀላሉ አላገኝም። በመልሱ ጨዋታ ደሞ ያው አሸነፈኝ፣ ግን ላብ አስወጣሁት፣ ስንነሳ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

እሺ አሁን ወደ ቀረችው ኮከብ።

አንደኛ ትንንሾቹን ልናገር። መስመር ዳር የሚቆሙት ሰዎች ላይ የአምበሉ ህግ አይደርስም፣ ስለዚህ የራግቢ መንፈስም እዛ ይሳሳል። ልጆች ሲጫወቱ አንዳንድ ወላጅ ዳኛው ላይ የሚጮኸው ያሳፍራል፣ ክለቡ ደሞ ማስታወቂያ ከመለጠፍ አልፎ አንድም ሰው ሲያስወጣ አላየሁም። ሁለተኛ መጠጥ። ሦስተኛው አጋማሽ ላይ የማይጠጣ ሰው በየጊዜው ለምን እንደማይጠጣ ያስረዳል፣ አንዴ ሁለቴ ቀልድ ነው፣ ሲዝኑን ሙሉ ሲሆን ያደክማል፣ በዚህ ምክንያት በልቶ ሹልክ የሚል ጥሩ ልጅ አለን። እና ሳህን የሚያጥቡት፣ የሜዳውን መስመር የሚቀቡት፣ የዳኛውን ሻይ የሚያስታውሱት ሁልጊዜ እነዛው ሦስት አራት ሰዎች ናቸው፣ ስለ ወንድማማችነት ረጅም ንግግር የሚያደርጉት ደሞ ሌሎቹ።

እነዚህ ብቻ ቢሆኑ ግን ኮከብ አልቀንስም ነበር። የቀነስኩት በሌላ ነው።

ከኛ አንዱ ተጫዋች አንድ ቀን ከፍ ያለ ታክል አደረገ፣ ክንዱ የሰውየው ፊት ላይ አረፈ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ዘግይቶ ነበር፣ ቀይ ካርድ ተሰጠው፣ ተገቢ ነው። የተመታው ልጅ ተደግፎ ወጣ። ጨዋታው አለቀ፣ መተላለፊያው ተሰራ፣ ተጨበጨበ፣ የኛው ልጅ ሄዶ የአምበላቸውን እጅ ጨበጠ፣ "ሜዳ ላይ የሆነ ሜዳ ላይ ይቀራል" ተባለ፣ ተበላ ተሳቀ። ከዛ በኋላ ስለተመታው ልጅ የጠየቀ ሰው የለም። ሳምንቱን ኮሚቴውን ስጠይቅ መልሱ "ተጨባብጠዋል እኮ" የሚል ነበር። ተጨባብጠዋል! የተመታው ልጅ እኮ ጭብጨባው ላይ አልነበረም፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ መብራት አጥፍተውለት ተኝቶ ነበር። ጭንቅላቱ ተመትቶ ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) የደረሰበት ወይ የተጠረጠረበት አማተር ተጫዋች በወርልድ ራግቢ መመሪያ ቢያንስ 21 ቀን ወደ ውድድር አይመለስም፣ ንክኪ ያለው ልምምድ ራሱ ከ14 ቀን በፊት የለም፣ እሱም ምልክት ካልታየበት። ሦስት ሳምንት ማለት ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ስልክ መደወል ያቅታል?

ይሄ ነው የራግቢ መንፈስ ከአንገት በላይ የሚሆንበት ቦታ። መጨባበጡ ቂም እንዳይያዝ ነው የተሰራው እንጂ ጥያቄ እንዳይጠየቅ አይደለም፣ ሰው ግን ሁለተኛውን ስራ ያሰራዋል። ሌሎች ቦታዎች ነገሩን ለመልካም ፈቃድ ብቻ አልተዉትም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 አማተር ላይ ታክል ከወገብ በታች እንዲሆን አወረደችው፣ እንግሊዝ ደሞ በ2023 ከደረት አጥንት በታች አደረገችው፣ ያኔ ጨዋታው ተበላሸ ብሎ የጮኸው ሰው ብዛቱ! እኔ ግን ትክክል ናቸው ባይ ነኝ፣ መከባበር የሚባለውን ነገር በሴንቲሜትር ለክተው አስቀመጡት።

"ራግቢ የጨዋ ሰዎች ጨዋታ ነው" የሚላችሁ ሰው ካለ ደሞ ታሪኩን ጠይቁት። እ.ኤ.አ. በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ተገንጥለው የወጡት፣ በኋላ ራግቢ ሊግ የሚባለው ሌላ የራግቢ አይነት የሆነው፣ በአንድ ጥያቄ ነው፣ ሰራተኛ ተጫዋች ለጨዋታ ብሎ ከስራ ሲቀር የቀረበት ደሞዝ ይካካስለት አይካካስለት። ጨዋዎቹ አይካካስም አሉ። እና ለመቶ አመት ያህል፣ እስከ 1995 ድረስ፣ ዩኒየኑ፣ ማለትም ይሄ እኛ የምንጫወተው ራግቢ፣ ክፍያ ክልክል ብሎ ቆየ። ገንዘብ የማይነካው ንጹህ ጨዋታ ሲባል ጥሩ ይመስላል፣ ከስራ መቅረት የማይችለው ሰው ጋ ስትደርሱ ግን በር መዝጋት ነበር። አምስቱ እሴቶች በተፃፉበት በዛው በ2009 ደሞ የእንግሊዙ ክለብ የሃርለኩዊንስ ተጫዋች ተቀያሪ ለማስገባት ብሎ የውሸት ደም ካፕሱል አፉ ውስጥ አፍርጦ ተገኝቷል፣ አሰልጣኙ ዲን ሪቻርድስ ለሦስት አመት ታገደ። ይሄን የምለው ራግቢን ለማጣጣል አይደለም፣ እኔ ራሴ መዋጮዬን አድሻለሁ። ግን ሰው ነን፣ ዲዛይኑ ነው የሚጠብቀን።

ስለዚህ ክለብ የምትመርጡ ከሆነ ዋንጫውን አትዩ፣ ግድግዳውንም አታንብቡ። የሁለተኛውን ወይ የሦስተኛውን ቡድን ጨዋታ ሄዳችሁ እዩ፣ ዋናው ቡድንማ ሰው ስለሚያየው ሁሌም ጨዋ ነው። እንግዳው ቡድን ጎድሎ ከመጣ ምን እንደሚያደርጉ እዩ። ዳኛው ሲሳሳት አምበሉ ወደ ዳኛው ይሄዳል ወይስ መጀመሪያ ወደ ራሱ ሰዎች ዞሮ ያረጋጋል፣ ጥሩ አምበል ሁለተኛውን ነው የሚያደርገው። የመጀመሪያ ህክምና የሚሰጠው ማነው፣ ሳጥኑ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰው እርስ በርሱ መተያየት ከጀመረ ሌላ ክለብ ፈልጉ። ባለፈው የተጎዳው ሰው እንዴት ነው ብላችሁም ጠይቁ፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ካለ ጥሩ ምልክት ነው።

ለማን ይሆናል? ብቻውን ጂም መሄድ የሰለቸው ሰው፣ አዲስ ቦታ ገብቶ ጓደኛ ያጣ ሰው፣ በልጅነቱ "ለስፖርት አትሆንም" የተባለ ወፍራም ልጅ የነበረ ሰው (ና ወንድሜ፣ ፊት መስመር ይፈልግሃል)። ሴቶችም ቡድን ያላቸው ክለቦች እየበዙ ነው፣ ብቻ ከመመዝገባችሁ በፊት የልምምድ ሰአታቸው ደህና ሰአት መሆኑን እዩ፣ አንዳንድ ቦታ ከሁሉም የተረፈውን ሰአት ነው የሚሰጧቸው። መጋጨት የማይፈልግ ደሞ ተች የሚባለው አለ፣ መያዝና መጣል የለም በመንካት ብቻ ነው፣ ከፎርዋርዶች ጋር ምግቡ ላይ መቀመጥ ግን ይቻላል። ለማን አይሆንም? የእረፍት ቀኑን ለማንም ማካፈል ለማይፈልግ፣ እና ዳኛ ሲሳሳት ዝም ማለት ለማይችል። ሁለተኛው ይማራል ግን 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው የሚማረው።

ውጤት፡ ጨዋታው 4፣ ዳኛ አያያዝ 5፣ እንግዳ አቀባበል 5፣ ተጋጣሚን ማስተማር ከ5 በላይ፣ ጉዳት ክትትል 2። በጥቅሉ 4 ሰጥቻለሁ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የጉዳት ተከታታይ የሚባል ሰው እንዲመደብ አጀንዳ አስይዣለሁ፣ ስራው ከጨዋታ ማግስት ለሁለቱም ቡድን ተጎጂዎች መደወል ነው፣ የኛም የነሱም። ከተመደበ ተመልሼ ኮከቧን አስተካክላለሁ። እስከዛው ማውዝጋርድ (የጥርስ መከላከያ) በልካችሁ አሰርታችሁ ሂዱ፣ ፈልቶ የሚነከሰው ርካሹ አይነት በሁለተኛው ስክራም ላይ ነው የሚወልቀው።